የፈቃድ ፋይል በሌለው የጋራ ኮድ ላይ የተጻፈ «ለንግድ አይፈቀድም» የሚል ቃል እንዴት ይተረጎማል?

ጥያቄ፦ ከመዝገብ_ሠሪ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት አነስተኛ ድርጅት ለገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራም እያዘጋጀ ይሸጣል። የማኅበራቱ መዝገብ የሚያዘው በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ የብድር መክፈያ ቀን በበዓል ላይ ሲውልም ክፍያው ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቀን ከመለወጥ አልፎ፣ ስቅለትንና ፋሲካን የመሳሰሉ ተዘዋዋሪ በዓላትን በየዓመቱ በባሕረ ሐሳብ ማውጣት ይኖርበታል። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚሠራ፣ በጃቫ የተጻፈና ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የተቀመጠ ላይብረሪ (በሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ዝግጁ ኮድ) አግኝተናል። ኮዱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ያለፉትንም ሆነ የሚመጡትን ብዙ ዓመታት እየሰጠን ፈትነነው ስሕተት አላገኘንበትም።

ያቆመን የአጠቃቀም ፈቃዱ ነው። በማከማቻው ውስጥ የፈቃድ ውል የያዘ ፋይል የለም። በሪድሚው (ሥራውን በሚያስተዋውቀው ፋይል) መጨረሻ ላይ ግን «ማንኛውም ሰው በነፃ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው ይችላል። ለንግድ አይፈቀድም። ስትጠቀሙበት ምንጩን ጥቀሱ።» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። የበዓላቱን ስሌት የያዘው ፋይል ደግሞ በራስጌው ላይ የሌላ ሰው ስምና የቅጂ መብት ማስታወቂያ አለው፤ ከሥሩም ፋይሉ ጂፒኤል በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ስሪት 2 ወይም ከዚያ በኋላ በሚወጣ በማናቸውም ስሪት የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጸው የተለመደው አንቀጽ ተጽፏል። በተጨማሪም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የፊደል ቅርጽ በአንድ አቃፊ ውስጥ አብሮ ተቀምጧል፤ የላይብረሪው አዘጋጅ የአንዳንድ ፊደላትን ክፍተት እንዳስተካከለ ገልጿል።

በድርጅታችን ውስጥ ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ ወገን፣ ባለቤቱ ኮዱን ለሕዝብ አውጥቶ ስላስቀመጠው፣ እኛም የምንሸጠው የራሳችንን የሒሳብ ፕሮግራም እንጂ የእርሱን ላይብረሪ ስላልሆነ፣ ስሙን ጠቅሰን ብንጠቀምበት ይበቃል ይላል። እኔ በዚህ አልተስማማሁም፤ ነገር ግን ያልተስማማሁበትን ምክንያት በትክክል ማስረዳት አልቻልኩም። የትኛው ጽሑፍ ገዢ ነው? ሪድሚው ነው ወይስ የፋይሉ ራስጌ? ለባለቤቱ ብጽፍለትስ ምን ብዬ ብጠይቀው ጉዳዩ ይጠራል? ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1፦ ከምንጭ_ጠባቂ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄውን ፕሮግራሙ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት ማንሳትዎ ትክክል ነው፤ ኮዱ በየማኅበሩ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በኋላ ማስተካከሉ እጅግ አድካሚ ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ መብቱ በሙሉ በባለቤቱ እጅ እንዳለ ይቆጠራል። ለሕዝብ ዓይን ክፍት መሆኑ ይህን አይለውጠውም። በጊትሀብ የአገልግሎት ውል መሠረት፣ አንድ ሰው ማከማቻውን ለሁሉም ክፍት ሲያደርግ ሌሎች ተጠቃሚዎች እንዲያዩትና በዚያው በጊትሀብ ውስጥ ፎርክ እንዲያደርጉት (የራሳቸውን ቅጂ እንዲያወጡለት) ይፈቅዳል። ኮዱን አውጥቶ በራስ ፕሮግራም ውስጥ ማስገባትና ለደንበኞች ማሰራጨት ግን ከዚያ ውጭ ነው፤ ለዚህ የባለቤቱ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሪድሚው ላይ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ፈቃድ ናቸው ወይ ቢባል፣ በእኔ ግምት ናቸው፤ ባለቤቱ አስቦ የጻፈውን ቃል እንደሌለ መቁጠር አይገባም። ችግሩ ብዙ ነገር ሳይወስኑ መተዋቸው ነው። «መጠቀም» እና «ማሻሻል» ተፈቅዷል፤ የተሻሻለውን ቅጂ ለሌላ ሰው መስጠት ግን አልተጠቀሰም። ይህ ዓይነቱ ክፍተት በታወቁ ፕሮግራሞች ላይ እንኳ ከባድ መዘዝ አምጥቷል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፓይን የተባለ የኢሜይል ፕሮግራም፣ መጠቀምን፣ መቅዳትን፣ ማሻሻልንና ማሰራጨትን የሚፈቅድ አጭር ጽሑፍ ነበረው። አንባቢዎች ሁሉ ያሻሻሉትን ቅጂ ማሰራጨት እንደተፈቀደላቸው ተረዱት። ዩኒቨርሲቲው ግን ማሻሻልም ማሰራጨትም ለየብቻ እንደተፈቀዱ፣ የተሻሻለውን ማሰራጨት ግን እንዳልተፈቀደ ገለጸ። በዚህ የተነሣ ዴቢያንን የመሳሰሉ የሊኑክስ ስርጭቶች አሻሽለው ያጠናቀሩትን ፕሮግራም ለተጠቃሚዎቻቸው ማቅረብ አልቻሉም። ነገሩ የተፈታው ዩኒቨርሲቲው ተተኪውን አልፓይንን በአፓቺ ፈቃድ ስሪት 2 ሲያወጣ ነው። እዚያ ላይ ጉዳዩን ያጠራው የአንባቢዎች ክርክር ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ የመረጠው ግልጽ የፈቃድ ውል ነበር። የእናንተም ጉዳይ የሚያልቀው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚከብደው የበዓላቱ ፋይል ነው። ጂፒኤል ስሪት 2 በክፍል 6 ላይ፣ ሥራውን የሚያሰራጭ ሰው በተቀባዮቹ መብት ላይ ተጨማሪ ገደብ መጣል እንደማይችል ይደነግጋል፤ «ለንግድ አይፈቀድም» ማለት ደግሞ ግልጽ የሆነ ተጨማሪ ገደብ ነው። ፋይሉን የጻፈው ሰው በጂፒኤል ብቻ ሰጥቶት ከሆነ፣ ፋይሉን የያዘው ላይብረሪ እንደ አንድ ሥራ ሲሰራጭ በሙሉ በጂፒኤል መሰራጨት ነበረበት። ሁለቱን ግዴታዎች በአንድነት መፈጸም ካልተቻለ ደግሞ ክፍል 7 ጨርሶ ማሰራጨት እንደማይቻል ይናገራል። በሌላ በኩል ያ ሰው ለላይብረሪው አዘጋጅ በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ሌላ ፈቃድ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ የቅጂ መብቱ ባለቤት አንድን ሥራ ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ ውል መስጠት አይከለከልም። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «የትኛው ጽሑፍ ገዢ ነው» ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚገዛው የጻፈው ሰው መብት ያለውን ክፍል ብቻ ነው የሚል ይሆናል።

ባልደረቦችዎ ላነሡት ነጥብም መልስ ልስጥ። ጂፒኤል መሸጥን አይከለክልም፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ያምታቱታል። ግዴታው ሌላ ቦታ ነው ያለው። የጂፒኤል ኮድ ከእናንተ ኮድ ጋር ተዋሕዶ አንድ ፕሮግራም ሆኖ ለደንበኛ ከተሰጠ፣ የጠቅላላውን ፕሮግራም ምንጭ ኮድ አብሮ መስጠት፣ አለበለዚያ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና በጽሑፍ የተገለጸ የማቅረብ ግዴታ መግባት ያስፈልጋል፤ ደንበኛውም በዚያው ውል መሠረት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል። ድርጅታችሁ ለዚህ ዝግጁ ከሆነ ጂፒኤል መልካም ነው። ካልሆነ ስም መጥቀስ ብቻውን ምንም አይፈታም። ፕሮግራሙን በቢሯችሁ ውስጥ ለራሳችሁ ሥራ ብቻ ብታስኬዱት ግን ጂፒኤል የሚጥልባችሁ ግዴታ የለም፤ ግዴታው የሚመጣው ቅጂው ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ነው።

መልስ 2፦ ከአዋጅ_አንባቢ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ በጎ ነው፤ እኔ በአገራችን ሕግ በኩል ያለውን ልጨምር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ምዝገባ ወይም የመብት ምልክት ማኖር ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ ባልደረቦችዎ «ለሕዝብ አውጥቶ አስቀምጦታል» ያሉት ሐሳብ በአዋጁ ውስጥ መሠረት አያገኝም። ማውጣት መብትን መተው አይደለም።

ነገር ግን አዋጁ ጥበቃ የሚያደርገው ለአገላለጹ ነው፤ ሐሳብ፣ አሠራር፣ ዘዴና ቀመር ጥበቃ አያገኙም። ይህ በእናንተ ጉዳይ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። ባሕረ ሐሳብ የማንም የግል ንብረት አይደለም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ዓመተ ዓለሙን ማግኘት፣ በ19 ገድፎ ከቀሪው አንድ አትቶ ወንበሩን ማውጣት፣ ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 እየገደፉ አበቅቴን፣ በ19 አባዝቶ በ30 እየገደፉ መጥቅዕን ማግኘት በየአብነት ትምህርት ቤቱ ሲያስተምሩት የኖረ ስሌት ነው። በራስጌው ላይ ስሙ ያለው ሰው መብት ያለው ይህን ስሌት በጃቫ በገለጸበት በራሱ ጽሑፍ ላይ ነው። ስሌቱን ከመሠረቱ ተረድቶ በራሱ እጅ የሚጽፍ ሰው ከማንም ፈቃድ መጠየቅ አይኖርበትም።

ፈቃድ ለመጠየቅ ሲጽፉ ሊረሱት የማይገባ አንድ ነጥብ አለ። አንድ ሰው በተቀጠረበት ሥራ ላይ የፈጠረው ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። ለላይብረሪው አስተዋጽኦ ካደረጉት ሰዎች መካከል አንዱ ኮዱን የጻፈው በመሥሪያ ቤቱ ተመድቦ ከሆነ፣ እርሱ በኢሜይል «ፈቅጃለሁ» ማለቱ ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ትፈቅዳለህ ወይ» ከሚለው ሌላ «ይህን ለመፍቀድ መብቱ የአንተ ነው ወይ» የሚለውንም ቢይዝ መልካም ነው። መልሱም በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ የተባለ ቃል ነገ ሰው ሲለወጥ ማስረጃ አይሆንም።

የነፃ ሶፍትዌር ውል በፍርድ ቤት ዋጋ የለውም የሚል ወሬ አልፎ አልፎ ስለምሰማ፣ ከውጭ አገር ሁለት ውሳኔዎችን ልጥቀስ። በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጀርመን የሙኒክ ፍርድ ቤት የጂፒኤልን ግዴታ ያልፈጸመ ድርጅት ሶፍትዌሩን እንዳያሰራጭ አግዷል። በ2008 ደግሞ በአሜሪካ የፌዴራል ሰርኪት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የአሻንጉሊት ባቡር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌርን በሚመለከተው የጃኮብሰንና የካትዘር ክርክር፣ በነፃ በተሰጠ ፈቃድ ውስጥ የተጻፉ ቅድመ ሁኔታዎች መጣሳቸው የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ገንዘብ ያልተከፈለበት ፈቃድ ቅድመ ሁኔታው ባዶ ቃል ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከመዝገብ_ሠሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን ለሥራ ኃላፊዬ አሳይቼዋለሁ፤ ክርክሩም ቆሟል። አሁን የቀረን ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ስሌቱን ራሳችን እንደ አዲስ መጻፍ ነው፤ ሆኖም እኔ ኮዱን አንድ በአንድ አንብቤዋለሁና ብጽፈው ከእርሱ እንደ ቀዳሁ ይቆጠራል ብዬ እሰጋለሁ። ሁለተኛው ለአዘጋጁ መጻፍ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ላይብረሪው ጥርት ያለ ፈቃድ ቢኖረው እኛ ብቻ ሳንሆን ሌሎችም ብዙዎች ይጠቀሙበታል።

መልስ 3፦ ከአበቅቴ

ስለ መጀመሪያው መንገድ፦ ኮዱን ያነበበ ሰው እንዳይጽፈው ማድረጉ ሕግ ያስገደደው ሥርዓት ባይሆንም ጠቃሚ ጥንቃቄ ነው። ያነበቡት እርስዎ ስሌቱን በአማርኛ ብቻ ይግለጹና፣ ኮዱን ያላየ ባልደረባዎ ይጻፈው። ቀን የመለወጡ ሥራ ደግሞ ከመጀመሪያው ይህን ሁሉ አያስጨንቅም። አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን ካላንደር ይዟል፤ ለጃቫ የተዘጋጀው ትሪተን ኤክስትራም እንዲሁ። የመጀመሪያው በዩኒኮድ ፈቃድ፣ ሁለተኛው በቢኤስዲ ፈቃድ የተሰጡ ናቸው፤ ሁለቱም የመብት ማስታወቂያውን ጠብቆ ለንግድ በሚውል ፕሮግራም ውስጥ ማስገባትን ይፈቅዳሉ። ተዘዋዋሪ በዓላትን ግን አያወጡም፤ የዚህ ላይብረሪ ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ሁለተኛው መንገድ፣ ለአዘጋጁ ሲጽፉ «ለእኛ ፍቀድልን» ብለው እንዳይጠይቁት እለምናለሁ። ለአንድ ድርጅት ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ለእናንተ ይበቃ ይሆናል፤ የሚቀጥለው ሰው ግን እንደገና ከዚሁ አጥር ሥር ይቆማል። ይልቅስ በጠቅላላው ከታወቁት ፈቃዶች አንዱን እንዲመርጥ ይጠይቁት፤ ጥያቄውም እርሱ ሊጠብቀው ከፈለገው ነገር ይነሣ። «ለንግድ አይፈቀድም» ብሎ የጻፈ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሳስበው ሽያጩ ራሱ አይደለም፤ የጻፈውን ወስዶ፣ ስሙን ፍቆና ዘግቶ፣ ያሻሻለውን ለማንም ሳያካፍል የሚያተርፍ ሰው እንዳይመጣ ነው። ለዚህ ስጋት መልስ የሚሰጡ ፈቃዶች አሉ። ኤምአይቲ የተባለው ፈቃድ አይመልስለትም፤ የሚጠይቀው ማስታወቂያው እንዲጠበቅ ብቻ ነው። ጂፒኤል ይመልስለታል። ኤልጂፒኤል ደግሞ መካከለኛ ነው፤ በላይብረሪው ላይ የተደረገው ማሻሻያ ሁሉ ከምንጭ ኮዱ ጋር እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ላይብረሪውን የሚጠራው ፕሮግራም ግን በራሱ ውል ሊሰራጭ ይችላል። ኮዱ በኢንተርኔት አገልግሎት ብቻ እየተሰጠ ቅጂው ከሰርቨር እንዳይወጣ የሚሰጋ ከሆነ ኤጂፒኤል አለ።

«ለንግድ አይፈቀድም» የሚለውን ሐረግ እንደያዘ ከቀጠለ ግን ሥራው ኦፕን ሶርስ ሊባል አይችልም። የኦፕን ሶርስ ኢኒሺየቲቭ መመዘኛ በ6ኛው ነጥቡ የሥራ ዘርፍን ለይቶ መከልከልን አይቀበልም፤ ዴቢያንም እንዲሁ። ከዚያም በላይ ድንበሩ አይታወቅም። አባላቱን ወለድ የሚያስከፍል ኅብረት ሥራ ማኅበር ነጋዴ ነው? ወርኃዊ ክፍያ የሚቀበል የግል ትምህርት ቤትስ? ለምእመናን በነፃ የሚታደል፣ በግርጌው ግን ማስታወቂያ ያለበት የቀን መቁጠሪያስ? ዝግጁ የፈቃድ ውሎችን የሚያወጣው ክሪኤቲቭ ኮመንስ «ለንግድ የማይውል» የሚለውን ውሉን ሲያዘጋጅ ይህን ቃል በፍቺ ለመወሰን ሞክሯል፤ ነገር ግን ድርጅቱ ራሱ ፈቃዶቹን ለሶፍትዌር እንዳንጠቀምባቸው ይመክራል፤ ስለ ምንጭ ኮድ አሰጣጥ የሚደነግጉት ነገር የለምና።

አስተዋጽኦ ያደረጉትን ሁሉ ማስፈቀድ ከባድ መስሎ ከታየው፣ ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ምሳሌ ይሁነው። አዘጋጆቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ሞተሩን ከጂፒኤል ወደ ኤልጂፒኤል ሲያሻግሩ ኮድ የጻፉላቸውን ሰዎች እየፈለጉ ፈቃዳቸውን ጠይቀዋል። ያን ያህል ሰፊ ሥራ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ ጥቂት ሰዎች የጻፉት ላይብረሪ አያቅተውም።

መልስ 4፦ ከላይብረሪው_አዘጋጅ

ጤና ይስጥልን። ጠያቂው በላኩልኝ መልእክት በኩል ወደዚህ መጥቼ ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ ስለ ሥራዬ በዚህ ያህል አክብሮት ስለተወያያችሁ አመሰግናለሁ። እኔው ራሴ ብገልጸው ይሻላልና ያለውን ሁኔታ ላስረዳ።

ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩበት ሐሳብ «አበቅቴ» የገመቱት ነው። የቀን መለወጫና የበዓላት ስሌት የሁላችንም ነው፤ አንድ ድርጅት አሻሽሎ ማሻሻያውን እንዲዘጋው አልፈልግም። ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶች፣ ወይም ፕሮግራም ሠርተው በሚያገኙት ገቢ የሚተዳደሩ ወጣቶች እንዳይጠቀሙበት ግን አስቤ አላውቅም። ስለዚህ ላይብረሪውን በኤልጂፒኤል ስሪት 2.1 ወይም ከዚያ በኋላ በሚወጣ በማናቸውም ስሪት ለመስጠት ወስኛለሁ።

የበዓላቱ ፋይል የመጣው በውጭ አገር ከሚኖር አንድ ወዳጄ ነው፤ ከራሱ የጂፒኤል ፕሮግራም አውጥቶ ያበረከተው ሥራ ነው። ጽፌለት በጽሑፍ መልሷል፤ ኮዱን በትርፍ ጊዜው የጻፈው መሆኑን፣ መብቱም የእርሱ መሆኑን አረጋግጦ በኤልጂፒኤል እንዲሰጥ ፈቅዷል። የራስጌው ማስታወቂያ በእርሱ ስም እንዳለ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው የፈቃዱ አንቀጽ ብቻ ነው። ቁጥርን በግዕዝ አኃዝ የሚጽፈውን ክፍል ያበረከተው ሰው ግን ሊገኝ አልቻለም። ዝምታውን እንደ ፈቃድ መቁጠር ስለማይገባ ያ ክፍል ከሚቀጥለው ስሪት ይወጣል፤ ኮዱን ያላየ ሌላ ሰው እንደ አዲስ እየጻፈው ነው። ቀን የሚለውጠው ክፍል ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ የተመሠረተውም በብርሃኑ በየነና በማንፍሬድ ኩድሌክ ስም በሚታወቀው ስሌት ላይ ነው፤ ስማቸውን በማብራሪያው ውስጥ ያኖርኩት ለውለታቸው ነው።

የፊደል ቅርጹን በሚመለከት፣ አቢሲኒካ የተሰጠው በኤስአይኤል ኦፕን ፎንት ፈቃድ ስሪት 1.1 ነው። ውሉ ፎንቱን ከሶፍትዌር ጋር አብሮ መሸጥን ይፈቅዳል፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥን ግን ይከለክላል። የተሻሻለ ቅጂም የተጠበቀውን ስም ይዞ ሊሰራጭ አይችልም። ስለዚህ ያስተካከልኩት ቅጂ ይነሣና፣ ያልተነካው ከነፈቃዱ ጽሑፍ ይቀመጣል። ክፍተት የማስተካከሉን ሥራ ፕሮግራሙ ራሱ ቢሠራው ይሻላል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አሁን በማከማቻው ውስጥ ያሉት የቆዩ ስሪቶች ምን ይሆናሉ? መሰረዝ ይኖርብኝ ይሆን?

ከምንጭ_ጠባቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ይህን ያህል ግልጽ መልስ ከአንድ አዘጋጅ ማግኘት የሁልጊዜ ዕድል አይደለም።

የቆዩትን ስሪቶች መሰረዙን አልመክርም፤ ታሪኩ ቢጠፋ ማን ምን እንደጻፈ ማረጋገጥ ያስቸግራል። ይልቁንም አዲሱ ፈቃድ ከየትኛው ስሪት ጀምሮ እንደሚሠራ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ስሪቶች ደግሞ የግዕዝ አኃዙን ክፍል ስለያዙ በዚህ ፈቃድ እንደማይሸፈኑ በሪድሚው ላይ በግልጽ ይጻፉ። የኤልጂፒኤልን ሙሉ ጽሑፍ አንድም ቃል ሳይለውጡ በማከማቻው ሥር በራሱ ፋይል ያስቀምጡት። በኤስፒዲኤክስ ሥርዓት የተዘጋጀውን የአንድ መስመር የፈቃድ መለያም በየፋይሉ ራስጌ ላይ ያኑሩ፤ ፋይሉ ብቻውን ተወስዶ ሌላ ቦታ ቢገኝ እንኳ ፈቃዱ አብሮት ይሄዳል፤ ፈቃዶችን የሚፈትሹ መሣሪያዎችም ያነቡታል። «ለንግድ አይፈቀድም» የሚለው መስመር ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ «እባካችሁ» ተብሎ ለስልሶ እንኳ ቢቀር፣ ነገ ሌላ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ለመዝገብ_ሠሪ ደግሞ ሁለት ነገር ላሳስብ። ላይብረሪውን ከፕሮግራማችሁ ጋር አንድ ላይ አትጠቅልሉት፤ በተለየ የጃር ፋይል (የጃቫ ኮድ በሚታሸግበት ፋይል) ይቀመጥ፤ ደንበኛው የተሻሻለ ስሪት ሲያገኝ እናንተን ሳይጠይቅ መተካት የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው። ከደንበኞች ጋር በምትፈራረሙት ውል ውስጥ ፕሮግራሙን ፈትቶ መመርመርን በጅምላ የሚከለክል አንቀጽ ካለም ይታረም፤ ኤልጂፒኤል 2.1 በክፍል 6 ላይ ደንበኛው ለራሱ አገልግሎት እንዲያሻሽል፣ ማሻሻያውን ለማረምም ፕሮግራሙን እንዲመረምር መፍቀድን ይጠይቃል።

ከመዝገብ_ሠሪ

ሁሉንም ተቀብያለሁ። የተባለው ዓይነት አንቀጽ በውላችን ውስጥ አለ፤ የሥራ ኃላፊዬም እንዲታረም ተስማምቷል። አዲሱ ስሪት እስኪወጣ ድረስ ፕሮግራማችን በትሪተን ኤክስትራ ቀን እየለወጠ፣ በዓላቱን የማኅበሩ ሒሳብ ሹም በእጅ ከሚሞላው ሰንጠረዥ እያነበበ ይሠራል። ለላይብረሪው አዘጋጅ፦ ፈትነን ያገኘናቸውን የየዓመቱን ውጤቶች አዘጋጅተን፣ እርስዎ በመረጡት ፈቃድ መስጠታችንን በጽሑፍ ገልጸን በዚህ ሳምንት እንልክልዎታለን።